የግራኙ የመሮ ምልክት

ወለተጻድቅ ይቅር የምትል ሴት አይደለችም። ይህን ገና ከመነሻው ልንገራችሁ፤ ኋላ "ምነው ልቧ አልራራ" ብላችሁ እኔን እንዳትወቅሱ። ሰባት ዓመት ሙሉ የንስሐ አባቷ በመጡ ቁጥር "ልጄ፣ ለእግዚአብሔር ስጪው" ይሏታል። እሷም አንገቷን ደፍታ "እሺ አባቴ" ትላለች። እሳቸው ከበሩ ሲወጡ ግን ወደ እኔ ዞር ብላ "መጀመሪያ እኔ ልጨርሰውና የተረፈውን እሰጠዋለሁ" ትለኝ ነበር። እኔም እስቃለሁ። እሷ አትስቅም።

እኔ ብርቅዬ እባላለሁ። ኮልፌ ውስጥ ከወለተጻድቅ ጋር አንድ ግቢ እንኖራለን፣ ከአንድ ቧንቧ እንቀዳለን፣ በአንድ ማኅበር ድንጋይ እንጠርባለን። ሴት ድንጋይ ትጠርባለች ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካለ መጥቶ እጄን ይጨብጠኝ። ኮብልስቶን ሲጀመር ብዙ ሴቶች ነበርን፤ ወገብ እየቆረጠ፣ ዓይን እያጠፋ አባረራቸው። እኔና እሷ ቀረን። እኔ የቀረሁት ሌላ ሥራ ስለማልችል ነው። እሷ የቀረችው ድንጋይ ስለምትወድ ነው።

መውደድ ብቻም አይደለም፤ ታነበዋለች። መንገድ ላይ ስትሄድ የሰው አጥር ትዳብሳለች። ጠጠር አንሥታ ወደ ጆሮዋ ታስጠጋና በጥፍሯ ታንኳኳለች። ታክሲ ስንጠብቅ ፌርማታው ላይ ያለውን ደረጃ አይታ "ይሄ የወንዝ ነው፤ አየሽ ማዕዘን የለውም፣ ውሃ ሲያንከባልለው ነው የኖረው" ትለኛለች። የቤተ ክርስቲያን ግንብ አይታ "ይሄኛው ደግሞ በፊት ማድቤት ነበር፤ ጀርባው ጥላሸት አለበት፣ ከሌላ ቤት ፈርሶ የመጣ ነው" ትላለች። ሽበት ያበቀለውን ድንጋይ ታውቁታላችሁ? ያ ነጭ ነጭ ሻጋታ የሚወጣበት። እሱን አይታ የትኛው ጎኑ ለስንት ዘመን ወደ ሰማይ እንደተኛ ትነግርሻለች። መጀመሪያ ላይ እያላገጠችብኝ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ሳጣራ አንድም ቀን አልሳተችም።

ያስተማራት ባሏ ፀሐዬ ነው። ሁለቱም የቢቸና ልጆች ናቸው። እሱ ለድቁና ሲማር ቆይቶ ትምህርቱን ጣለና አዲስ አበባ መጥቶ መሮ ጨበጠ፤ ቤት ሲከራይ ተመልሶ እሷን አመጣት። ሥራ የጀመረችው ምሳ ስታደርስለት ነው። ሰሐኑ እስኪመለስላት ቁጭ ብላ ስታይ፣ ስታይ፣ አንድ ቀን መዶሻውን ከእጁ ነጠቀችው ይባላል። ፀሐዬ ይህን ሲያወራ በጣም ነበር ደስ የሚለው።

ከሳንሱሲ በላይ አንድ የድንጋይ ካባ ነበር። አሁን ተዘግቶ ቤት ተሠርቶበታል። እዚያ ነው ሦስታችንም ለዓመታት ድንጋይ የፈለጥነው። ካባው ውስጥ ቆመሽ ግድግዳውን ቀና ብለሽ ስታዪ ሦስት ቀለም ታያለሽ፤ ፀሐዬ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር እዚያ አቁሞ ያስተምር ነበር። ከታች ቀይ አፈር አለ፤ እንደ ጡብ ደርቆ የተጠበሰ። ድሮ ከምድር ሆድ የቀለጠ ድንጋይ እየፈላ ወጥቶ ሜዳ ላይ ሲፈስ፣ ሥሩ ያገኘውን አፈር ጠብሶት ነው። ከላይ ያለው ድንጋይ እንደ ድፎ ዳቦ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ እንፋሎቱ ሲወጣ የተወው ቀዳዳ። እሱ ለግንብ አይሆንም። መሀለኛው ግን ቀስ ብሎ የበረደ፣ ድፍን፣ ጥቁር፣ ስትመቺው የሚጮህ ነው። ጥቁሩ ውስጥ ደግሞ እንደ ጨው ያለ ነጭ ፍሬ ተበትኖበታል። እንዲህ ዓይነት ድንጋይ ከዚያ ካባ በቀር በኛ በኩል አላየሁም። ወለተጻድቅም አላየችም።

ሌላም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፀሐዬ ግራኝ ነበር። እኛ በቀኝ እጃችን መዶሻ፣ በግራችን መሮ ስለምንይዝ ድንጋዩ ላይ የምንተወው ጭረት ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። የሱ ወደ ሌላው ያጋድላል። የሱን ድንጋይ ከመቶ ድንጋይ መሀል ለይቶ ለማውጣት ጠራቢ መሆን አያስፈልግም፤ ዓይን ካለሽ ይበቃል።

በሁለት ሺህ ዐሥር ዓ.ም. ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈር ጀርባ ወንዙ ዳር የድጋፍ ግንብ ይሠራ ተባለ። ሥራውን የያዘው ኃይለመስቀል የሚባል ተቋራጭ ነው። የዕድራችንም ዳኛ እሱ ነበር፤ ጋሽ ኃይለመስቀል ነው የምንለው፤ ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚደርስ፣ ሐዘንተኛ ደግፎ የሚያስቀምጥ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው። ድንጋዩን የመምረጡንና የግንበኞቹን ሥራ ለፀሐዬ ሰጠው። ሦስት ወር ሙሉ ካባው ውስጥ ጠረብን። ፀሐዬ ትልልቆቹን ድንጋዮች በራሱ እጅ ጠርቦ፣ በማይታየው በጀርባቸው በኩል "ድ" ብሎ ተራቸውን በግዕዝ ቁጥር ቀረጸባቸው። "ድ" ድጋፍ ማለት ነው። የትኛው ከየትኛው በላይ እንደሚውል ግንበኞቹ እንዳይሳሳቱ ብሎ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ስለሆነ ከግዕዝ ቁጥር ሌላ አይጥመውም ነበር።

ግንቡ ከመሬት ከፍ ማለት ሲጀምር፣ በሰኔ መጨረሻ ፀሐዬ ለእናቱ ተዝካር ቢቸና ሄደ። በዐሥራ ሁለት ቀኑ ተመለሰ። ሐምሌ ዐሥራ ስምንት ቀን፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ግንቡ ሆዱን ነፍቷል ተብሎ ሊያይ ገሜዳ የሚባለውን የቀን ሠራተኛ ሜትር አስይዞ ወደ ሥሩ ወረደ። ግንቡ ሁለቱንም ላያቸው ላይ ተደረመሰ።

ምርመራ ተደረገ። ኃይለመስቀል እንባውን እየጠረገ "ድንጋዩን የመረጠው ፀሐዬ፣ ግንቡንም ያስገነባው ፀሐዬ፤ እኔ ወንድሜን አምኜ ነበር" አለ። ወረቀቱ ላይ "የግንበኛ ጉድለት" ተብሎ ተጻፈና ተዘጋ። የሞተ ሰው አይከራከርም። ኃይለመስቀልም ቀብሩ ላይ ቆሞ "ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም፤ ይቅር እንበለው" ብሎ ተናገረ። ባሏን በሬሳ ሣጥኑ ፊት ይቅር አለላት! ወለተጻድቅ ያን ዕለት ማልቀስ አቆመች።

የገሜዳ ሚስት ሶፊ ኮልፌ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች። ወለተጻድቅ የራሷን ሐዘን ይዛ፣ ጥቁሯን ለብሳ፣ ሶፊ ቤት ለቅሶ ሄደች። እኔም አብሬያት ነበርኩ። ሶፊ ከፍራሹ ተነሥታ "ባልሽ የገደለውን ልታለቅሺልኝ ነው የመጣሽው?" አለቻትና በሰው ፊት አስወጣቻት። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ በተገናኙ ቁጥር ሶፊ ምራቋን ትተፋለች። ሰባት ዓመት ሙሉ፤ ስንሄድም ስንመለስም። ወለተጻድቅ ሌላ መንገድ አጥታ አይደለም በዚያ የምታልፈው። "ትትፋ፤ የምትተፋበትን ሰው እስካመጣላት እኔ ላይ ትትፋ" ትል ነበር።

ፍርስራሹን ስካቫተር ሲያነሣ፣ ከአደጋው በሦስተኛው ቀን፣ በጥቁር ልብሷ ገብታ አንድ በአንድ አየችው። ከታች ያሉት ሁለት ረድፎች የኛ ድንጋይ ናቸው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ሌላ ነው። ክብ፣ ለስላሳ፣ ውሃ ያንከባለለው የወንዝ ድንጋይ። ሲሚንቶ እንዲህ ያለ ድንጋይ ላይ አይዝም፤ ቅቤ የተቀባ ነው። አንዱን ፈለጠችው፤ እስከ መሀሉ ቢጫ ሆኖ የበሰበሰ ነው። መታችው፤ አይጮህም። ሮጣ ለመርማሪዎቹ ነገረቻቸው። "ባሌ ቢቸና በነበረበት ጊዜ ነው ድንጋዩ የተቀየረው፤ የኛ ድንጋይ የት እንደገባ ፈልጉ" አለች፤ መስቀል ይዛ ማለች። አንደኛው "እናቴ፣ ድንጋይ ድንጋይ ነው" አላት። በዚያች ቃል ነው ሰባት ዓመት የነደደችው።

ከዚያ ራሷ መፈለግ ጀመረች። "ድንጋይ አይበላም፣ አይተንም፤ አንድ ቦታ ተገንብቶ ቆሟል" ትላለች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰፈር ትይዛለች። ከኮልፌ እስከ ሳንሱሲ፣ ከሳንሱሲ እስከ ዓለም ባንክ ያላየችው አጥር የለም። ውሻ ነክሷታል፣ ዘበኛ አባሯታል፣ "ሌባ ናት፣ አጥር ታጠናለች" ተብላ ፖሊስ ጣቢያ ውላለች። እዚያው ዓለም ባንክ ያለውን የኃይለመስቀልንም አጥር አይታዋለች፤ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። ግን ተለስኖ ቢጫ ቀለም የተቀባ ስለሆነ ብሎኬት ነው ብላ አልፋው ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት፣ ከዚያው አጥር ከታች በኩል መዳፍ የምታህል ልስን ወደቀች። ወለተጻድቅ በዚያ ስታልፍ ዓይኗ ገባ። ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ውስጡ እንደ ጨው ነጭ ፍሬ አለበት፣ ላዩ ላይ ደግሞ ወደዚያኛው ጎን ያጋደለ የመሮ ጭረት። እዚያው ቁጢጥ አለች። እስቲ አስቡት፤ ሰው የተጠረበ ድንጋይ አጥር የሚያሠራው ጎረቤት አይቶ እንዲቀና ነው። ያን የመሰለ ድንጋይ አሠርቶ ከላዩ ላይ ልስን የሚለስን፣ ወይ አብዷል ወይ የሚደብቀው ነገር አለ። ኃይለመስቀል ደግሞ አላበደም። ከዓለም ባንክ እስከ ኮልፌ ታክሲ ውስጥ ስትስቅ መጣች። ረዳቱ "እናት፣ ሰላም ነው?" ብሎ ሂሳብ ሳይቀበላት አወረዳት።

ለወረዳ አመለከተች፤ ማን ይስማት። "የሰው አጥር በምን ሕግ እናፍርስ?" አሏት። ጠበቀች። እኔ ብሆን ሌሊቱን ሄጄ እንደው በመዶሻ እቀጠቅጠው ነበር። እሷ ግን "ራሱ ይፈርሳል" አለችኝ።

እግዜር ይስጠው፣ ዘንድሮ መንገድ ይሰፋል ተባለ። ያ ሰፈር አጥሩን ሁሉ ሦስት ሜትር ወደ ውስጥ እንዲያስገባ ታዘዘ። ኃይለመስቀል አሁን እዚያ አይኖርም፤ ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። አጥሩን የማፍረሱን ሥራ ጀላል ለሚባል አፍራሽ ሰጠው፤ ጀላል ደግሞ ድንጋይ ሳይሰብር የሚያነሣ ሰው ሲፈልግ የሚጠራው እኛን ነው። ወለተጻድቅ ስልኩን ዘግታ እጇን ታጠበች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ተንበረከከች። ምን ብላ እንደጸለየች አልጠየቅኋትም፤ ንስሐ አባቷ ቢሰሙት የሚደሰቱበት አይመስለኝም።

ረቡዕ ጀመርን። ልስኑን ስንልጠው ያ ቢጫ ቅርፊት እየተገመሰ ሲወድቅ፣ ከሥሩ የፀሐዬ እጅ ወጣ። ረድፍ በረድፍ፣ ጭረት በጭረት፣ ሁሉም የግራኝ ጭረት። ሐሙስ ዕለት የመጀመሪያውን ትልቅ ድንጋይ አንሥተን ገለበጥነው። "ድ ፴፩" ይላል። ወለተጻድቅ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሁለተኛው "ድ ፴፪"። እያንዳንዱን እያወጣን በጀርባው አስተኝተን፣ ቁጥሩን ወደ ሰማይ አድርገን፣ መንገዱ ዳር እንደ ወታደር አሰለፍነው።

የወረዳዋ መሐንዲስ ፅዮን የምትባል ወጣት ልጅ ናት፤ አዲሱን መስመር ልትለካ ስትመጣ ቆማ አየች። ወለተጻድቅ ሁሉንም ነገረቻት፤ ካባውን፣ ነጩን ፍሬ፣ የወንዙን ድንጋይ፣ ቁጥሩን። ልጅቷ አልሳቀችም። ፎቶ አነሣች። "የድሮው ግንብ ፋይል ላይ የረድፉ ቁጥር ካለና ከዚህ ጋር ከገጠመ፣ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ራሴ ፈርሜ አቀርባለሁ" አለች። ወለተጻድቅ በዚያ ደስታ በቀጥታ የሄደችው ኮልፌ ገበያ ነው፤ ሶፊ ፊት ቆማ "ቅዳሜ ጠዋት ዓለም ባንክ ነይ። ባልሽን የገደለውን አሳይሻለሁ" አለቻት። ለዕድሩ ሰዎችም ነገረች። ያየችውን ሁሉ ነው የጠራችው።

ዓርብ ከሰዓት የበሩ ማዕዘን ድንጋይ ብቻ ቀረን። ትልቅ ነው፤ በፌሮ እያነቃነቅን አወጣነው። ድንጋዩ ሲወጣ፣ ከበስተኋላው የደረቀው ሲሚንቶ ላይ የሰው መዳፍ ታትሟል። የቀኝ መዳፍ። የቀለበት ጣቱ ጫፍ የለውም።

ሁለታችንም አወቅነው። ፀሐዬ በመዶሻ የራሱን ጣት የቆረጠ ዕለት እኔ ነበርኩ በነጠላዬ ያሰርኩለት። በእጁ የገነባውን ግንብ ሲጨርስ፣ የመጨረሻውን ማዕዘን ከማስቀመጡ በፊት እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ መዳፉን የማሳረፍ ልማድ ነበረው፤ "ፊርማዬ ነው" ይላል። ከመዳፉ ሥር ደግሞ በመሮ ጫፍ ቀኑን ጽፎበታል። ሐምሌ ፭፣ ፳፻፲።

ሐምሌ አምስት ቀን ፀሐዬ ቢቸና ነበር። ወለተጻድቅ መስቀል ይዛ የማለችው እንደዚያ ብላ ነው።

ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቁጭ አለችና መዳፉን ታየው ጀመር። ሰውዬው ከተዝካሩ ቶሎ ተመልሶ፣ ቤቱ ሳይገባ፣ ሚስቱን ሳያይ፣ የድጋፍ ግንቡን ድንጋይ እዚህ ሲደረድር ከርሟል። ወንዙ ዳር በምን እየተሞላ እንደሆነ እያወቀ። ምን ቃል ተገብቶለት እንደሆነ እሱና ኃይለመስቀል ያውቃሉ።

"ቤት የተመለሰ ሳምንት እህል አልቀምስ ብሎ ነበር" አለች ኋላ። "ሆዴን ነው ይለኝ ነበር። ተልባ ሳጠጣው ነበር፤ ተልባ!"

እኔ መዶሻዬን አነሣሁ። አላፍርበትም። "ሲሚንቶ ነው፤ ሁለት ምት አይፈጅም" አልኳት። "ልበትነው? ከኔና ካንቺ ሌላ ያየው የለም።"

"አትንኪው።"

"ወለቴ፣ ነገ ሰው ሁሉ ይመጣል! ሶፊ ትመጣለች!"

"አትንኪው አልኩሽ እኮ!" ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ባሏን ሰደበችው። ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር፣ ሰባት ዓመት በሞት ያልሰደበችውን አወጣችለት። እዚህ አልጽፈውም። ስትጨርስ ከረጢቱን መዳፉ ላይ ጣል አድርጋ፣ ድንጋይ ጫነችበትና ወደ ቤት ሄድን። ነገ ምን እንደምታደርግ አላወቅሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ሰዉ መጣ። የዕድሩ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ሶፊ ሽንኩርቷን ለጎረቤት ትታ፣ ፅዮን አሮጌ ፋይል በክንዷ ሥር ይዛ። ቁጥሩ ገጥሟል አለችኝ በጆሮዬ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የኃይለመስቀል መኪና መጥታ ቆመች። ከመኪናው ወርዶ የተሰለፈውን ድንጋይ አየ፣ ሰዉን አየ፣ እሷን አየ። ፊቱ አንዴ ዳምኖ ወዲያው ተመለሰ። የተባረከ ፊት ነው ያለው፤ በአንዴ ይታዘዝለታል። ወደ ወለተጻድቅ ተጠግቶ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገራት። እኔና ፅዮን ከጎኗ ነበርን፤ እኛን ሠራተኞች ናቸው ብሎ ከቁጥር አላስገባንም።

"እህቴ ወለተጻድቅ፣ ማዕዘኑን አንሥታችሁታል?"

"አንሥተነዋል፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው አይተሻል።"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ሰው ምን ልትዪው ሰበሰብሽው? ይህን አጥር ማን እንደሠራልኝ እኔ አፌን ልክፈት?" አለ፤ ድምፁ ማር ነው። "እኔኮ ስለ እሱ ብዬ ነው ሰባት ዓመት ዝም ያልኩት። አሁንም ዝም እላለሁ። አንቺም ዝም በይ። ቢያንስ ስሙ ይትረፍልሽ።"

አያችሁት? ሰባት ዓመት የተሸሸገው ልስን ውስጥ ብቻ አልነበረም። የሷን ባል ከለላ አድርጎ፣ የሷን ፍቅር ተማምኖ ነው የኖረው። እጄ ውስጥ መዶሻ ነበረ። ሰውዬውን እግዚአብሔር ነው ያወጣው።

ወለተጻድቅ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ሄዳ ድንጋዩን አነሣች፣ ከረጢቱን ገፈፈችው።

"ሶፊ! ነይ፣ ቅረቢ። እናንተም ቅረቡ።"

ሶፊ ቀረበች።

"ይሄ የባሌ እጅ ነው። ጣቱን እዩት፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቀኑንም አንብቡት። ሐምሌ አምስት ቀን ቢቸና ነበር ብዬ ምዬላችኋለሁ። አልነበረም። እዚህ ነበር። ከድጋፉ ግንብ የተሰረቀውን ድንጋይ እዚህ ሲገነባ ነበር፤ እዚያ የወንዝ ድንጋይ ሲሞላ እያወቀ።" ወደ ሶፊ ዞረች። "ሶፊ፣ በተፋሽብኝ ቁጥር ልክ ነበርሽ። ባልሽን ከገደሉት አንዱ ባሌ ነው። እሱ እዚያው ከባልሽ ጋር ተቀብሮበታል። ሁለተኛው ይኸውልሽ፤ ሱፍ ለብሶ ቆሟል።"

ሶፊ ጎንበስ ብላ መዳፉን አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ ተፋችበት። ወለተጻድቅ አልከለከለቻትም፤ አልጠረገችውምም። ሶፊ ቀና ብላ ወደ ኃይለመስቀል ዞረች።

"ለቅሶዬ ላይ መጥተህ ንፍሮዬን በልተሃል" አለችው። "እጄን ይዘህ እግዚአብሔር ያጽናሽ ብለኸኛል።"

"ምንድነው የምትሉት? ድንጋይ ነው እኮ!" አለ ኃይለመስቀል፤ ያ ማር ድምፁ ተሰነጠቀ። "በድንጋይ ነው ሰው የሚፈረድበት?"

"በድንጋዩ፣ በፋይሉ፣ አሁን ደግሞ በራስዎ አፍ" አለች ፅዮን። "አጥሩን ማን እንደሠራልዎትና ሰባት ዓመት ዝም እንዳሉ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ሰኞ ለሕግ ክፍል አቀርበዋለሁ።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋቢውን ሰብስቦ ከኃይለመስቀል ጎን ፈቀቅ አለ። ሌላውም ተከተለው። የዕድር ዳኛቸው ነበር፤ ብቻውን መሀል መንገድ ላይ ቀረ። ወደ መኪናው ሲሄድ ሶፊ ከኋላው እየተከተለች "ገሜዳ! ገሜዳ!" ትላለች፤ ሌላ ቃል አልነበራትም። የመኪናውን በር ከፍቶ፣ ዞር ብሎ ወለተጻድቅን አያት።

"ባልሽን በገዛ አፍሽ እንደገና ቀበርሽው" አላት። "ምን አተረፍሽ?"

"አንተን" አለችው።